የነደፈ አይቆርጥም

እትዬ ሜትር የተባለችው ሜትር ስለማትይዝ ነው። አንዲት ደንበኛ ገና ከበሩ ስትገባ ከላይ እስከ ታች ታያትና ወገቧን፣ ደረቷን፣ የትከሻዋን ስፋት ትናገራለች፤ ሜትሩ ተዘርግቶ ሲለካ ከተናገረችው ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ጣት አይሞላም። በአንድ ልብስ ስፌት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ ዓይኗ ያልለካው ነገር አልነበረም። ችግሩ፣ ዓይን አንዴ መለካት ከለመደ ጨርቅ ላይ ብቻ አይቆምም። የሰው ሳቅ ይለካል፣ የሰው ዕድል ይለካል፣ የሰው ሻይ ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደገባ ይለካል። በተለይ የአዲሷን።

አዲሷ ከመጣች ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ስሙ ግን ተጣብቆባት ቀርቷል። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን ናት፣ ስትሠራ ከንፈሯን ትነክሳለች። እጇ ወርቅ ነው። ይህን ያለችው ደግሞ ራሷ እትዬ ሜትር ናት፣ ያውም ለባሏ፣ ያውም በንዴት። "እጇ ወርቅ ነው፤ ያናደደኝም እሱ ነው" አለችው አንድ ቀን እራት ላይ። "እጇ ባይረባ ኖሮ እወዳት ነበር።" ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሰው ሲያማርር መስማት ስለለመደ መብላቱን ቀጠለ።

እትዬ ሜትር ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህን ማንም ይመሰክርላታል። የታመመ ትጠይቃለች፣ ያዘነ ታጽናናለች፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀርታ አታውቅም። ብቻ አዲሷ ላይ ሲደርስ አንጀቷ ያርራል። ደንበኛ አዲሷን በስሟ ጠርቶ ሰላም ሲላት ትበግናለች። የስፌት ቤቱ ካውያ ተኳሽ በአዲሷ ቀልድ ሲስቅ ትበግናለች። ሌላው ቀርቶ አዲሷ ስትጸልይ ድምጿን ዝቅ ማድረጓ ያበሳጫታል፤ እግዚአብሔር ለመስማት ሲል ወደዚያች ወደ ቀጭኗ ጎንበስ የሚል ይመስላታል። እሷም እንደ ክርስቲያን ትጸልይላታለች። "ጌታ ሆይ፣ አዲሷን ባርካት" ትላለች፤ "ብቻ ሌላ ሰፈር ወስደህ።"

ነገሩ የጠረጴዛው ነበር። የስፌት ቤቱ ባለቤት እማማ ሰባ ሊሞላቸው ነው፤ ግራ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ ቀኙም እየተከተለ ነው። መስኮቱ ሥር ያለው ትልቁ ጠረጴዛ የሳቸው ነበር። እዚያ የሚቆም ሰው ነው ደንበኛ የሚቀበል፣ ልኬት የሚወስድ፣ የቤቱ ኃላፊ የሚባል። እማማ "ዓመቱ ሲያልቅ ጠረጴዛውን ከሁለታችሁ ለአንዳችሁ እሰጣለሁ" ብለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለች ሴት "ከሁለታችሁ" የሚለውን ቃል ስትሰማ ምን እንደሚሰማት ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለ ይፍረድ።

እማማ ቤቱን ሲከፍቱ ያወጡት አንድ ሕግ ነበራቸው፤ የነደፈ አይቆርጥም። አንዷ በጠመኔ ጨርቁ ላይ ትነድፋለች፣ ሌላዋ ትቆርጣለች። የራስን ስህተት የራስ ዓይን አያየውም፤ ስለዚህ ቆራጯ መቀስ ከማንሳቷ በፊት ጨርቁን በመዳፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትዳብስና መስመሩን ሁሉ ተመልክታ ጮክ ብላ "አይቻለሁ" ትላለች። "አይቻለሁ" ሳይባል መቀስ ጨርቅ አይነካም። ጠመኔ ይጠረጋል፤ የተቆረጠ ጨርቅ ግን አይመለስም።

በዚያ ሰሞን አንዲት ርዕሰ መምህርት ጥቁር አረንጓዴ ከፋይ ጨርቅ ይዘው መጡ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ጨርቁን ባላቸው በሕይወት ሳሉ ገዝተውላቸው፣ ለአንድ ትልቅ ቀን ይሆናል ተብሎ ዓመታት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ነው። እትዬ ሜትር ልትቀበላቸው ብድግ ስትል፣ ሴትዮዋ በትህትና ፈገግ ብለው "እሷ ትንደፍልኝ" ሲሉ ወደ አዲሷ አመለከቱ። እትዬ ሜትር ተመልሳ ተቀመጠች። ልቧ ውስጥ አንድ ነገር ተቋጠረ።

ከፋይ እንደ ድመት ነው፤ ፀጉር አለው። ወደ ታች ሲዳብሱት ይለሰልሳል፣ ወደ ላይ ሲዳብሱት ይሻክራል፤ ብርሃኑንም እንደ ፀጉሩ አቅጣጫ ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ቁራጮቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ መነደፍ አለባቸው። አንዱ ተገልብጦ ከተቆረጠ፣ ያው አንድ ጨርቅ ሆኖ ሳለ፣ ሲለበስ የሌላ ልብስ ቁራጭ የተቀጠለበት ይመስላል። አዲሷ ይህን ታውቃለች። ግን ጨርቁ ጠባብ ነበር፤ እንዲበቃላት የንድፍ ወረቀቶቹን ስታዟዙር፣ ስትለዋውጥ ግማሽ ቀን ፈጀች። በመጨረሻ ሁሉም ሲገባላት ተደስታ ነደፈች፤ የግራው ጀርባ መገልበጡን ሳታይ።

ከምሳ በኋላ የመቁረጡ ተራ የእትዬ ሜትር ሆነ። መዳፏን በፊተኛው ቁራጭ ላይ አሳለፈች፤ ለስላሳ። በእጅጌው ላይ፤ ለስላሳ። በቀኝ ጀርባ ላይ፤ ለስላሳ። የግራው ጀርባ ላይ ስትደርስ መዳፏ ሻከረ። ቆመች። እጇን መለሰችና እንደገና ዳበሰችው፤ ሻከረ።

አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። "ተገልብጧል" ብትል አዲሷ ጠመኔውን ጠርጋ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ ሌላ ግማሽ ቀን ትለፋ ነበር እንጂ ሌላ ምንም አይመጣም። ቃሏ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ከቃሏ ቀድሞ ጠረጴዛው መጣባት፤ "እሷ ትንደፍልኝ" የሚለው መጣባት። ደግሞስ እኔ ነደፍኩት? አለች በልቧ። የነደፈ ይወቀው።

"አይቻለሁ" አለች። መቀሱ ገባ።

አዲሷ ቁራጮቹን ልታጋጥም የስፌት መኪናው ላይ ስትቀመጥ ነው ያወቀችው። ሁለቱን ጀርባ ጎን ለጎን አድርጋ አንዴ ዳበሰችና ፊቷ አመድ መሰለ። አልተደበቀችም፣ አላመካኘችም። ቁራጮቹን በሁለት እጇ እንደ ሕፃን ታቅፋ እማማ ፊት ቀረበች።

"እማማ፣ አበላሸሁት። ጀርባውን ገልብጬ ነድፌዋለሁ።"

እማማ በደህናው ዓይናቸው አዩት፤ ከዚያ በእጃቸው አዩት። "የቆረጠው ማነው?"

"እትዬ ሜትር ናት። ግን የነደፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

"አንቺ ሜትር፣ ሳትዳብሺ ነው የቆረጥሽው?"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። እትዬ ሜትር ወደ መቀሷ እያየች "ዳብሻለሁ እማማ፤ አላስተዋልኩም" አለች። ከዚያ ቀና ስትል አዲሷ ታያት ነበር። ዓይን ለዓይን ተያዩ። አዲሷ አፏን ከፈት አደረገች፣ መልሳም ዘጋችው።

ርዕሰ መምህርቷ ቤት ሄዳ የነገረቻቸው አዲሷ ናት። ሦስት ቅዳሜ፣ በዕረፍት ቀኗ፣ የተበላሸውን ጀርባ አውጥታ በጥቁር ሳቲን ሠራችው። ያማረ ልብስ ወጣው፤ ግን የታሰበው ልብስ አልነበረም። እማማም የዓመቱን መጨረሻ አልጠበቁም። "ጠረጴዛው የሜትር ነው" አሉ። "አዲሷ፣ ቁልፍ መትከያው ጋ ተቀመጪ።" አዲሷ "እሺ እማማ" ብላ ሄዳ ተቀመጠች።

እንግዲህ እትዬ ሜትር አሸነፈች። መስኮቱ ሥር ቆማ ደንበኛ ስትቀበል፣ ስትለካ፣ ስታንጎራጉር ሰነበተች። ቅናት ግን የሚገርም ፍጥረት ነው፤ ያማረውን ከሰጡት በኋላም አይጠግብም። አሁን ደግሞ በአዲሷ ዝምታ ትቀና ጀመር። ይህቺ ሴት ለምን አታኮርፍም? ጠዋት "እንዴት አደርሽ እትዬ ሜትር" ትላለች፣ እንደ ድሮው። ደንበኛ መጥቶ "አንቺ ለምን አትሠሪልኝም?" ሲላት "እትዬ ሜትር እያለች? ዓይኗ ሜትር ነው እኮ" ትላለች። የዚህ ዓይነት ሙገሳ ከጥፊ ይብሳል።

ከዚያ መርፌዎቹ ነበሩ። እትዬ ሜትር ለማንም አልተናገረችም እንጂ፣ የሩቁን የሚለካው ዓይኗ ቅርቡን ማየት ካቆመ ሰነባብቷል፤ ክር መርፌ ውስጥ ለመስካት ከጠዋቱ ሩብ ሰዓት ትፈጅ ነበር። ጠረጴዛውን በያዘች በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት ስትገባ ትንሿ የመርፌ ትራስ ላይ አሥር መርፌዎች ክር ተሰክቶባቸው ተደርድረው አገኘች። በማግስቱም። በሦስተኛውም ቀን። አንድ ቀን ሆን ብላ ማልዳ መጥታ በበሩ መስታወት ስታይ፣ አዲሷ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ መርፌ ትሰካለች።

"ምን ፈልጋ ነው?" አለችው ባሏን።

"ምን ትፈልጋለች? መርፌ እየሰካችልሽ ነዋ።"

"ሰው በከንቱ መርፌ አይሰካም።"

"እንግዲያው በመርፌ ልትወጋሽ ይሆናል" አለና ጋዜጣውን ገለጠ።

ምሥጢሩን የፈታላት ካውያ ተኳሹ ነው። ተኳሽ ይባል እንጂ ከካውያ ሌላ ነገር ይዞ የማያውቅ፣ አፉ ግን ዒላማ የማይስት ሰው ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እማማ ለዓይናቸው ሐኪም ቤት ሄደው፣ አዲሷም ክር ልትገዛ ወጥታ ሳለ፣ እትዬ ሜትር "ይቺ ልጅ መቼም አዛኝ ቅቤ አንጓች ናት" አለች። ተኳሹ ካውያውን አስቀመጠ።

"እትዬ፣ ይሄን እንኳ ባትይው ጥሩ ነበር።"

"ምን አልኩ?"

"ያን ቀን ከፋዩን ስትዳብሺ እኔና አዲሷ እዚህ ካውያው ጋ ነበርን። እጅሽ ሲቆም አይተናል። መልሰሽ ስትዳብሺውም አይተናል። እሷ መቼም አንቺ ዳብሰሽ ካለፍሽው ደህና ነው ብላ ነው ያመነችሽ። ኋላ ሲገለጥ ነው የገባን። እኔ ለእማማ ልናገር ብዬ ነበር፤ እጄን ያዘችኝ። 'ሆድ ይፍጀው' አለችኝ። ሆዴ ይኸው ሁለት ወር ፈጀው፤ ከዚህ በላይ አልችልም።"

እትዬ ሜትር ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ግን እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ በዚያች ሰዓት መጀመሪያ የመጣባት ጸጸት አልነበረም፤ ቅናት ነበር፤ እስከ ዛሬ ከቀናችው ሁሉ የበለጠ። ታውቃለች ማለት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያወቀች ሰላም ስትላት፣ እያወቀች ስታመሰግናት፣ እያወቀች መርፌ ስትሰካላት። እኔ ጠረጴዛዋን ወሰድኩባት፣ እሷ ደግሞ ጽድቁን ይዛው ሄደች።

"በሱም በለጠችኝ" አለችው ባሏን ያን ቀን፤ ነገሩን ሁሉ ከነገረችው በኋላ።

ባሏ ጋዜጣውን አጠፈ። "ታዲያ አንቺም ደግ ሁኚ" አላት። "ወረፋ የለው።"

ሞከረች። ለአዲሷ የአንገት ልብስ ገዝታ አመጣች፤ አዲሷ አመስግና ለበሰችው፤ አማረባት፤ ማማሩም አናደዳት። ከዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ አመጣችላት። ለአዲሷ እናት የጉልበት መድኃኒት ላከች። ምንም አልጠቀማት። ሰርቀህ የወሰድከውን በጓዳ ደብቀህ ለባለቤቱ ስጦታ ብታመጣለት፣ ስጦታው እጅህ ላይ ይከብዳል እንጂ ልብህ ላይ አይቀልም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አዲሷ ሁለት ወንበር ቀድማ ተቀምጣ ነበር፤ ያንኑ የአንገት ልብስ አድርጋ። ጉባኤው ተነሥቶ አባታችን ሆይ ሲል እትዬ ሜትርም እንደ ልማዷ አብራ ትል ነበር። የበደሉንን ይቅር ስለ ማለት የሚናገረው ጋ ስትደርስ ምላሷ ተያዘ። ማንን ነው ይቅር የምለው? አዲሷ ምን አድርጋኝ ታውቃለች? ሦስት ዓመት ሙሉ ልቧን አገላብጣ ፈለገች። አንዲት በደል አጣች። ሴትዮዋ እጇ ወርቅ ከመሆኑ በቀር አንድም ቀን በድላት አታውቅም። ጉባኤው አሜን ብሎ ሲቀመጥ እትዬ ሜትር ብቻዋን ቆማ ቀረች፤ ጎረቤቷ ቀሚሷን ጎተት እስክታደርጋት ድረስ።

ሰኞ ጠዋት መርፌዎቹን አልነካችም። እማማ መጥተው ወንበራቸው ላይ እስኪቀመጡ ጠበቀችና፣ ተኳሹም አዲሷም ባሉበት ተናገረች።

"እማማ፣ ያን ከፋይ ስቆርጥ አይቼ ነበር። አላስተዋልኩም ያልኩት ውሸት ነው። መዳፌ ነግሮኛል። ጠረጴዛውን ፈልጌ ነው ዝም ያልኩት።"

እማማ ማየት የተሳነውን ዓይናቸውን ጭምር ወደሷ አዞሩ።

"ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይሉ ነበር ድሮ" አሉ በመጨረሻ። "ያንቺ ግን ልብሽም ዓይንሽም አይቶ ነው። እኔ ይሄን ሕግ ያወጣሁት አንዳችሁ ሌላዋን እንድትጠብቅ ነበር።" በእጃቸው ወደ መስኮቱ አመለከቱ። "ጠረጴዛውን ልቀቂ።"

"እሺ እማማ።"

ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ነገር በሁለት ቃል ሄደ። ግን ዋናው ገና ነበር። ወደ አዲሷ ዞረች። "ይቅር በይኝ" አለች።

ሁሉም አዲሷን አየ። እትዬ ሜትር በልቧ የሚሆነውን አስቀድማ ለክታው ነበር፤ አዲሷ ፈገግ ትላለች፣ ትነሣለች፣ ታቅፋታለች፣ እንደ ገና ትበልጣታለች። አዲሷ ግን ፈገግ አላለችም። የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠች፣ ፊቷ ቀላ፣ ማንንም ሳታይ በኋላ በር ወጣች።

"እንዲህም አለ እንዴ" አለ ተኳሹ ቀስ ብሎ።

እትዬ ሜትር ተከተለቻት። በጓሮው በኩል ጨርቅ የሚታጠብበት ቧንቧ አለ፤ አዲሷ እሱ ጋ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች።

"አሁን አትምጪብኝ።"

"እሺ" አለች እትዬ ሜትር። አልሄደችም።

"ርዕሰ መምህርቷ ምን አሉኝ መሰለሽ? ምንም አላሉኝም። ቁራጩን ፊታቸው ላይ አድርገው አሸተቱት፤ የባላቸው ሽታ ያለበት ይመስል። ሦስት ቅዳሜ ሳቲኑን ስሰፋ ያ ፊታቸው ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ሰኞ ስመጣ አንቺ መስኮቱ ጋ ቆመሽ ታንጎራጉሪያለሽ።"

"አንጎራጉር ነበር" አለች እትዬ ሜትር።

"አዎ። ያውም መዝሙር።"

ከዚያ የከነከናትን ጠየቀች። "ታዲያ መርፌውን ለምን ትሰኪልኝ ነበር?"

አዲሷ ዞረች። ዓይኗ በርበሬ መስሏል፣ አፍንጫዋ ይፈሳል፤ ያ ሁልጊዜ የሚያምረው ፊቷ በዚያች ሰዓት አያምርም ነበር።

"እንዳልጠላሽ ነዋ። ደግነት ተርፎኝ መስሎሻል? ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ይቅር እልሻለሁ። እዚህ በሩ ጋ ስደርስ ያልቅብኛል። ስለዚህ መርፌ እሰካለሁ። በየመርፌው አንድ ጊዜ ጌታ ሆይ እርዳኝ እላለሁ። አሥር ጊዜ ስል ሰላም ልልሽ እችላለሁ።"

"አንድ ቀን አሥራ አምስት ነበሩ።"

"ርዕሰ መምህርቷ ልብሱን የወሰዱ ቀን ነው" አለች አዲሷ። ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። "ሳትጠይቂኝ ይቅር ማለት ይቀለኝ ነበር፤ ለራሴ ብቻ እለውና ያልፋል። አሁን ጠየቅሽኝ። አሁን ለአንቺ ልልሽ ነው።"

እትዬ ሜትር አንገቷን ደፋች።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አለች አዲሷ፤ ቃሉን እንደ ከባድ ዕቃ ብድግ አድርጋ። "ነገም እንደ ገና እልሻለሁ፤ እስኪይዝልኝ ድረስ። ርዕሰ መምህርቷ ጋ ግን አንቺ ነሽ የምትነግሪያቸው። አብሬሽ እሄዳለሁ።"

"እሺ።"

"ቆይ፣ መጀመሪያ አልቅሼ ልጨርስ።"

እንደ ገና ዞራ ቧንቧውን ያዘችና ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር። እትዬ ሜትር ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሦስት ዓመት ሙሉ የዚያችን ሴት እጅ፣ ሳቅ፣ ጸሎት፣ ደግነት አንድ በአንድ ተመኝታለች። አሁን ደግነቱን ከነዋጋው ፊት ለፊቷ አየችው፤ በአዲሷ ቦታ መሆንንም ለመጀመሪያ ጊዜ አልፈለገችም። ለቅሶዋን እስክትጨርስ ጠበቀቻት።